ውሻ ይዞ በእንግሊዝ ቦዮች ላይ በናሮውቦት መጓዝ

ናሮውቦት የሚባለው የእንግሊዝ የቦይ ጀልባ ወርዱ 2.08 ሜትር ብቻ ሲሆን ርዝመቱ እስከ 21 ሜትር ይደርሳል። በሕግ የተፈቀደለት ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል (6.4 ኪሎ ሜትር) ነው፤ በተግባር ግን 3 ማይል ያህል ነው የሚሄደው፣ የእግረኛ እርምጃ ማለት ነው። አንዱ መሪ ይዞ ሌላው ውሻውን እያናፈሰ በቦዩ ዳር ጎን ለጎን መሄድ ስለሚችል ይህ ዝግታ ለውሻ ይስማማዋል። ጉዳት የሚመጣው ከዳሩ ነው፦ በጀልባውና በግንቡ መካከል ካለው ክፍተት፣ ከሎኩ (ጀልባን ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው የውሃ ክፍል) ጫፍና ከፕሮፔለሩ። ስለዚህ ከጉዞው በፊት አንድ ደንብ ሁሉም ሰው ይስማማበት። ጀልባው ሲነሳ፣ ሊቆም ሲጠጋና ሎክ ሲገባ ውሻው ወይ ውስጥ ተዘግቶበታል ወይ በአንድ ሰው እጅ ተይዟል። ለያዘው ሰው በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ አይሰጠውም።

መስመር መምረጥ

ሎክ ማለት በሁለት ጫፉ በር ያለው የውሃ ክፍል ነው፤ ጀልባው ገብቶ ውሃው ሲሞላ ወይም ሲጎድል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ፎቶው ያማረውን ነው። በዴቪዝስ ከተማ ያለው ኬን ሂል 29 ሎኮች አሉት፤ ከነዚህ 16ቱ በአንድ ቁልቁለት ላይ ተደርድረዋል። እይታው ደስ ይላል፣ ነገር ግን ሁለት ሰውና አንድ ውሻ ብቻ ላሉበት ጀልባ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ድካም ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ አሽቢ ካናል ይሻላል፤ 22 ማይል (35 ኪሎ ሜትር) ሙሉ አንድም ሎክ የለበትም። ከፕሬስተን ወደ ሰሜን የሚሄደው የላንካስተር ካናል ዋና መስመርም ከ40 ማይል በላይ ያለ ሎክ ይዘልቃል። ሎክ ትንሽ መለማመድ የሚፈልግ ሰው የዌልሱን ሞንማውዝሻየርና ብሬከን ካናል ያስብ፤ በ35 ማይል ውስጥ ያሉት ሎኮች 6 ናቸው።

የላንጎለን ካናል ዝናው ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱ በ1805 የተከፈተው የፖንትከሰልቴ የውሃ ድልድይ ነው፤ ከወንዙ 38 ሜትር ከፍ ብሎ 307 ሜትር ይዘልቃል፣ በ2009 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአንድ ወገን የእግረኛ መንገድና የብረት አጥር አለው። በሌላው ወገን ግን ያለው የብረት ገንዳው ጠርዝ ብቻ ነው፤ ከውሃው በላይ የሚታየው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። እዚያ ላይ ውሻው የፊትም የኋላም በር ተዘግቶ ውስጥ ይቀመጥ። «ጸባዩ ጥሩ ነው፣ ይቀመጣል» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

የቀኑን መንገድ ለማስላት ማይሉን ለ3 ያካፍሉ፤ ለእያንዳንዱ ሎክ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። 12 ማይልና 6 ሎክ ማለት 4 ሰዓት ሲደመር 1 ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ውሻ ጀልባ ላይ አይፀዳዳምና ቢያንስ በየ2 ሰዓት ተኩሉ መቆም ያስፈልጋል። ሁለት ማቆሚያ በ20 በ20 ደቂቃ ሲታከል ቀኑ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። ጀማሪ ከዚህ በላይ አያቅድ፤ ሲመሽና ሰው ሲደክም ነው ገመድ የሚዘነጋው፣ በር የሚከፈተው። ቦዮቹን በእንግሊዝና በዌልስ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት በጥገና ወይም በውሃ እጥረት የተዘጉ መስመሮችን በድረ ገጹ ያሳውቃል። ከመነሳት በፊት ያንን ማየት የግድ ነው። ትልልቅ ጥገናዎች የሚበዙት በክረምት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው።

ጀልባውን ሲከራዩ

ናሮውቦት ተከራይቶ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፤ አከራዩ በመነሻው ቀን ያሠለጥናል። አብዛኞቹ አከራዮች ውሻ ይቀበላሉ፤ ለውሻው ግን ተጨማሪ ያስከፍላሉ፣ ቁጥሩንም ይገድባሉ። ከመክፈል በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ ውሻው ብቻውን ጀልባ ውስጥ መቅረት ይፈቀድለታል? ሶፋና አልጋ ላይ ቢወጣ ቅጣት አለ? የፊት በሩ ደረጃ ስንት ነው? የኋላው ደረጃ ቁልቁል ስለሆነ ያረጀ ወይም ከባድ ውሻ በሰው ጉልበት ነው የሚወጣው፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን አሥር ጊዜ ማንሳት ወገብ ይጨርሳል።

የጀልባው ኋላ ሦስት ዓይነት ነው። «ትራድ» የሚባለው ለአንድ ሰው መቆሚያ ብቻ ይበቃል፤ ውሻ እዚያ ቢቆም እግሩ ከመሪው ዘንግ ጋር ይጋጫል። «ክሩዘር» ሰፊ መድረክ አለው፣ ግን ጎኑ ክፍት ነው ወይም በቀጭን ብረት ብቻ ይታጠራል፤ ትንሽ ውሻ ከሥሩ ይሾልካል። «ሴሚ ትራድ» በሁለቱ ጎኖች ግድግዳ አለው፤ ውሻ ላለው ሰው ምርጫው ይህ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ቦታ ሲያስይዙ ይህን ለይተው ይጥቀሱ።

ሕጉን በተመለከተ፣ ውሻው በሕዝብ ቦታ ሲሆን የባለቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት አንገት ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ከቆዳው ሥር የሚቀበረው መለያ ማይክሮቺፕም ግዴታ ነው። ስልክ ቁጥር ማከል አይከለከልም፤ እንዲያውም የጠፋ ውሻ ቶሎ የሚገኘው በስልኩ ነው። ፒት ቡል፣ የጃፓን ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖና ፊላ ብራዚሌሮ የተከለከሉ ናቸው። ኤክስ ኤል ቡሊም ከ2024 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ነጻ ማድረጊያ ምስክር ወረቀት አይያዝም።

ከጀርመን ወይም ከስዊድን ውሻ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ወደ ብሪታንያ ከመግባታቸው ከ24 እስከ 120 ሰዓት በፊት በእንስሳት ሐኪም የኮሶ ትል መድኃኒት ማሰጠትና ማስመዝገብ አለባቸው። ከኢትዮጵያ ማምጣት ከዚህ በጣም ይከብዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከተሰጠ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 3 ወር ይጠበቃል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ሽርሽር ተብሎ ከአዲስ አበባ ውሻ ማምጣት የሚያዋጣ ነገር አይደለም፤ እንግሊዝ የሚኖር ዘመድ ካለ የእሱን ውሻ መዋስ ይቀላል።

የሚያስፈልግ ዕቃ

ዋናው ነገር የውሻ ላይፍ ጃኬት ነው፤ ያውም ጀርባው ላይ ጠንካራ እጀታ ያለው። ዋና የሚችል ውሻም ቢሆን ያስፈልገዋል፤ የቦዩ ዳር ብዙ ቦታ በብረት ወይም በግንብ ቀጥ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ውሻው እየዋኘም መውጫ አያገኝም። ጃኬቱን ቤት ውስጥ ያልብሱትና በእጀታው ለሁለት ሰከንድ ያህል ከመሬት ብድግ ያድርጉት። ጭንቅላቱ ወይም የፊት እግሩ ከሾለከ ልኩ አይደለም።

ከዚያ ሌላ፦
- 1.5 ወይም 2 ሜትር ርዝመት ያለው ተራ ማሰሪያ፣ ከደረት ማሰሪያ ጋር። ራሱ የሚረዝመውና የሚጠቀለለው ዓይነት አይሁን፤ ውሻው ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ አይይዘውም።
- መጠባበቂያ ማሰሪያ። ኋላ ላይ ተጥሎ የተረሳ ማሰሪያ ውሃ ውስጥ ገብቶ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ያኔ ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፍ ተነቅሎ፣ የኋላው የፍተሻ ክዳን ተከፍቶ በእጅ ማስለቀቅ ነው።
- የሚንሸራተት ወለል ላይ የሚነጠፍ የጎማ ሥር ምንጣፍ።
- ከ60 በ90 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ አልጋ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ከዚህ የሰፋ አልጋ መንገድ ይዘጋል።
- ከባድ የውሃ ሳህን፣ ሁለት አሮጌ ፎጣ፣ የመዥገር መንቀያ፣ የዓይነ ምድር ማንሻ ከረጢት።
- የጉዞው ቀን ምግብ ሲደመር የሁለት ቀን መጠባበቂያ። የውሻ ምግብ የሚሸጥ ሱቅ በየመንደሩ አይገኝም፤ ድንገተኛ የምግብ ለውጥ ደግሞ ሆዱን ያስኬደዋል፣ በጠባብ ጀልባ ውስጥ!

የመጀመሪያው ሰዓት

ዕቃ ሳይጫን በፊት ውሻው ወደ ቆመው ጀልባ ይግባ፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከፊት እስከ ኋላ ያሽትት። ቀጥሎ አልጋውን ቋሚ ቦታው ላይ አንጥፈው ምግቡን እዚያ ይስጡት። ከዚያ ጀልባው እንደታሰረ ሞተሩን አስነስተው 20 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ከሥር ይመጣል፤ ብዙ ውሾች መጀመሪያ ላይ ይንጎራደዳሉ። ተኝቶ ካዩት መነሳት ይቻላል። ከተንቀጠቀጠና ምራቁ ከተዝረከረከ ለዚያ ቀን አጭር መንገድ ይበቃል።

አገር ቤትም ሆነ ውጭ አገር ግቢ ሲጠብቅ ያደገ ውሻ የተለየ ችግር አለው። ጀልባው ሲቆም መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ ያለው ርቀት አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በመስኮቱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ለእሱ አጥር የዘለለ ሌባ ነው። በመንገዱ በኩል ያለውን መጋረጃ መዝጋትና ሰው ከሚበዛበት የጎብኚ ማቆሚያ ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ማሰር ጩኸቱን ይቀንሳል።

ጀልባው ሲሄድ ውሻው ጣሪያ ላይ አይውጣ። ፎቶው ያምራል፤ ግን ዝቅተኛ ድልድይ አለ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ አለ፣ በፀሐይ የጋለው ብረትም መዳፉን ያቃጥላል። የትም ቦታ ቢሆን በአንገቱ አስሮ የጀልባው መድረክ ላይ መተው ክልክል ይሁን፤ ከጎን ቢንሸራተት ማሰሪያው ያንቀዋል።

ሎክ ላይ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ከባዱ ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ሁለት ሰው ብቻ ካላችሁ አንዱ ጀልባውን ይይዛል፣ ሌላው የሎኩን ውሃ ማሳለፊያ በእጅ ማዞሪያው ይከፍታል። ውሻ የሚይዝ ሰው ስለሌለ ውሻው ውስጥ ይዘጋል። ሦስተኛ ሰው ካለ ውሻውን ይዞ ከሎኩ ጠርዝ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ይቁም። ማሰሪያውን በሩን በሚከፍተው ረጅም የእንጨት ክንድ ላይ ማሰር ትልቅ ስህተት ነው፤ ያ ክንድ በሩ ሲከፈት ይዞራል፣ ውሻውንም ወደ ጠርዙ ይጎትተዋል ወይም ይጨፈልቀዋል።

በሎክ ላይ ውሻ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ጌታውን ሲከተል ነው። ሰውየው ሌላውን ማሳለፊያ ለመክፈት በበሩ ላይ ወዳለው ጠባብ እርጥብ ሳንቃ ይሻገራል። ልቅ የተተወው ውሻ ከኋላ ይከተላል፤ ወይም ከዚህኛው ዳር ሆኖ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይዘላል። በታሰረ ውሻም ቢሆን በበሩ ላይ አይሻገሩ፤ ለመሻገር ድልድይ ይፈልጉ።

ሽቅብ ሲወጡ ጀልባው ባዶው ሎክ ውስጥ ይገባል፤ ከኋላው በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ የላይኛው ማሳለፊያ መጀመሪያ እስከ ግማሽ ብቻ ይከፈታል። በአንዴ ሙሉ ከተከፈተ ውሃው ጀልባውን ወደ ፊት ስቦ ከበሩ ጋር ያጋጨዋል፤ ውስጥ ያለው ውሻም ሳህኑም ይገለበጣሉ። ማዞሪያውን ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚያግደው ጥርስ ሳይያዝ አይልቀቁት፤ ተመልሶ ሲሽከረከር የሰው ክንድ ይሰብራል፣ አጠገቡ ያለውንም ውሻ ይመታል።

ቁልቁል ሲወርዱ ያለው አደጋ ሌላ ነው። ከላይኛው በር ሥር ወደ ሎኩ ውስጥ የወጣ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ደፍ አለ፤ ጫፉን ግድግዳው ላይ ያለ ነጭ መስመር ያሳያል። ውሃው ሲጎድል የጀልባው ኋላ ደፉ ላይ ከቀረ ፊቱ እየሰመጠ ጀልባው ሊሞላ ይችላል። መሪ የያዘው ሰው ዓይኑ ከዚያ መስመር አይነቀል፤ ውስጥ የሚጮህ ውሻ ለማባበል ዞር ሲል ነው ጀልባው ወደ ኋላ የሚንሸራተተው። ኋላው ደፉ ላይ ሲሰቀል ካዩ ወዲያው የታችኛው ማሳለፊያ ይዘጋ፤ ከዚያ የላይኛው በዝግታ ተከፍቶ ውሃው ይመለስ። ሎክ ውስጥ የጀልባውን ገመድ አጥብቆ ማሰርም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ሲወርድ ጀልባው በገመዱ ይንጠለጠላል።

ውሻው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ

1. መሪ የያዘው ሰው ማርሹን ባዶ ያደርጋል፣ ሞተሩንም ያጠፋል። ወደ ኋላ ማርሽ በፍጹም አይገባም፤ ፕሮፔለሩ ውሻውን ይስበዋል።
2. ሎክ ውስጥ ከሆነ ሁሉም ማሳለፊያዎች ወዲያው ይዘጋሉ።
3. ውሻውን በስሙ ወደ ጀልባው ፊት ወይም ወደ መሀል፣ ከኋላ ርቆ ይጥሩት። ስሙን የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሦስት ሰው ሲጮህ ክብ ይዞራል።
4. በጃኬቱ እጀታ በእጅ ወይም በጀልባው መንጠቆ ይያዙት። በአንገት ማሰሪያው አይሳቡት።
5. ተከትለው አይዝለሉ። ቦዩ ብዙ ቦታ ከ1.5 ሜትር አይዘልም፤ ግን 15 ቶንና ከዚያ በላይ የሚመዝን ጀልባ ሰውን ከግንቡ ጋር ያጣብቃል።

ከወጣ በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቀው ያድርቁት፤ ራሱን ከመላሱ በፊት። በቦይ ውሃ ውስጥ የአይጥ ሽንት የሚያመጣው ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ አለ። ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ውሻ በሳምንታት ልዩነት ሁለት መርፌ ስለሚያስፈልገው በጉዞው ዋዜማ የሚደረስበት አይደለም። በሽታው ሰውንም ይይዛል፤ እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ሸፍነው እጅዎን ታጥበው ይብሉ።

ምግብና መርዝ

የሐበሻ ቤተሰብ ጀልባ ሲከራይ ወጡ ተሠርቶ በዕቃ ተሞልቶ ነው የሚሄደው፤ የጀልባ ወጥ ቤት ጠባብ ስለሆነም ያዋጣል። ነገር ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ ከ150 ግራም ጀምሮ ማለት ነው፣ አንድ ራስ ደህና ሽንኩርት። የዶሮ ወጥ ቁሌት ደግሞ ከምን እንደሚሠራ ማንም ያውቃል። ወጥ የጠጣ እንጀራ ፍርፋሪ ለውሻ አይጣል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቃልና አንጀት ይወጋል። የሽንኩርት መርዝ ምልክት ወዲያው አይታይም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ድካም፣ የነጣ ድድና የጠቆረ ሽንት ይመጣል። ቸኮሌትና ዘቢብም እንዲሁ መርዝ ናቸው። የቆሻሻ ከረጢት ወለል ላይ አይቀመጥ፤ በር ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይግባ።

የሚጠጣው ከቧንቧ የተሞላ ውሃ ብቻ ይሁን። በሞቃት ወራት በረጋ ውሃ ላይ የፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም የሚመስል አረፋ ካዩ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሊሆን ይችላል፤ ነፋስ ወደ አንድ ዳር ሰብስቦ ያከማቸዋል። ማስታወክ፣ ምራቅ መዝረክረክና መንቀጥቀጥ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ ማርከሻ የለውም፣ ሐኪም ጋር መሮጥ ብቻ ነው።

የት እንዳሉ ለሐኪም ለመንገር የቦዩን ስምና የቅርቡን ድልድይ ቁጥር ይናገሩ፤ ድልድዮቹ ላይ የቁጥር ሰሌዳ አለ። ባለፉ ቁጥር ቁጥሩን የማየት ልማድ ይኑራችሁ። በመነሻውና በመድረሻው ከተማ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ስልክ ቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፤ በሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

በቦዩ ዳር

የእግረኛው መንገድ የብስክሌተኛም፣ የዓሣ አጥማጅም፣ የበግም ነው። አጥማጆች ረጅም ዘንጋቸውን መንገዱን አቋርጠው ስለሚያስቀምጡ ውሻው በአጭር ማሰሪያ ይለፍ። መንጠቆ ከዋጠ ከአፉ የወጣውን ክር አይጎትቱት፤ ጥቂት አስቀርተው ቆርጠው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ማታ ሲያወጡት ባትሪ ይያዙ፤ የታሰሩ ጀልባዎች ገመድና ችካል በጨለማ ሰውንም ውሻንም ይጥላል።

በበጋ ቀን የተዘጋ የብረት ጀልባ ቶሎ ይግላል። ጥላ ሥር አስረው መስኮትና የጣሪያ ክዳን ቢከፍቱ እንኳ ውሻውን ብቻውን ትተው ለሰዓታት አይሂዱ። በቦዩ ዳር ያሉ መጠጥ ቤቶች ብዙዎቹ ውሻ ያስገባሉ፤ አብሮ መሄድ ይቀላል። ማታ ለማሞቅ ተብሎ ሞተር አይነሳ፤ ጀልባ ቆሞ ሳለ ከምሽቱ 2 ሰዓት (20:00) እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት (08:00) ሞተር ማስነሳት አይፈቀድም። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ) ማስጠንቀቂያው መሥራቱን በመጀመሪያው ምሽት ተጭነው ይሞክሩት፤ ወለል ላይ የሚተኛው ውሻ ሲደነዝዝ «ደክሞት ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ሲመልሱ

አከራዮች ብዙ ጊዜ ጀልባውን በማለዳ ነው የሚቀበሉት። ማታውኑ በአቅራቢያው ቢያድሩ ጠዋት ለውሻው ሽርሽርና ለጽዳት ጊዜ ይኖራል። ፀጉሩን ከሶፋው በእርጥብ የጎማ ጓንት እየጠረጉ ይሰብስቡ፤ ከቫክዩም ይሻላል። ጭቃ የነካውን ውሻ በጀልባው ሻወር አያጥቡት። የሻወሩን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ፀጉር ማጣሪያውን ሲዘጋው ውሃው ወለል ላይ ይቀራል፣ የጥገናውም ሒሳብ ከማስያዣው ይቆረጣል። ባልዲ ውሃ ይዘው ዳር ላይ ያጥቡት።